አንበሳው ማን ነው? የአንድ ተረት ልዩ ልዩ አተራረኮችና የትዕግሥት ሸክም

«የአንበሳው ጺም» ተብሎ የሚታወቀው ተረት በኢትዮጵያ በስፋት ከሚነገሩ ተረቶች አንዱ ነው። በቤቷ ፍቅር ያጣች ሴት መድኃኒት ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ትሄዳለች። ሽማግሌውም መድኃኒቱ የሚቀመመው ከሕያው አንበሳ ጺም በተወሰደ ፀጉር እንደሆነ ይነግራታል። ሴትየዋ ሥጋ ይዛ ወደ አንበሳው መኖሪያ ትወርዳለች፤ በመጀመሪያው ቀን ሥጋውን ከሩቅ አስቀምጣ ትመለሳለች፤ በማግሥቱ ጥቂት ትቀርባለች፤ ቀናት እያለፉ ሲሄዱ አንበሳው ይለምዳታል፤ በመጨረሻም ፀጉሩን ቆርጣ ለሽማግሌው ታመጣለታለች። ሽማግሌው ግን መድኃኒት አይቀምምም። አንበሳውን ባላመደችበት ብልሃት የቤቷን ሰው እንድታላምድ መክሮ ይሸኛታል።

የተረቱ አጽም ይህ ሲሆን፣ በተደጋጋሚ ሲተረክና በመጽሐፍ መልክ ሲዘጋጅ ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው ሽማግሌው በአንበሳ የመሰለው የቤቱ ሰው ማንነት ነው፤ አንዳንዴ ባል ነው፣ አንዳንዴ የእንጀራ ልጅ፣ አንዳንዴም የእንጀራ እናት። ለውጡ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ አተራረክ በዚህ ምርጫው በአንድ ቤት ውስጥ መታገሥ የማን ግዴታ እንደሆነ ይወስናል። ስለዚህ በአዳማና በአካባቢዋ ከተሞች ተረቱን ለልጆች የሚያቀርብ መምህር፣ ወላጅ ወይም አሳታሚ በአንድ አተራረክ ብቻ ሊወሰን አይገባም።

ለምዕራቡ ዓለም አንባቢ ተረቱን በሰፊው ካስተዋወቁት መጻሕፍት አንዱ ብሬንት አሻብራነርና ራስል ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1959 በእንግሊዝኛ ያሳተሙትና የዚሁ ተረት ስም የተሰጠው መድበል ነው። ሁለቱ አሜሪካውያን በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በትምህርት ቤት መጻሕፍት ዝግጅት ላይ ለማገዝ ነበር። በእነርሱ አተራረክ ብዙነሽ የተባለች የደጋ ሴት ጉዲና የተባለ የቆላ ሰው ታገባለች። የጉዲና ልጅ ሰጋብ እናቱ ሞታበታለች፤ የእንጀራ እናቱንም ሊቀበላት አይፈቅድም። ብዙነሽ ሦስት የአንበሳ ጺም ፍለጋ የምትሄደው የዚህን ሐዘንተኛ ልጅ ልብ ለማግኘት ነው።

ይህ አተራረክ ለአዳማ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። ከአርሲ ደጋ ቁልቁል ተወርዶ ወደ መተሐራ ቆላ በሚታለፍባት ከተማ የደጋና የቆላ ጋብቻ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ብዙነሽ የአማርኛ ስም ነው፤ ጉዲና በአፋን ኦሮሞ ዕድገት የሚል ትርጉም አለው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ራሱን በዚህ ቤት ውስጥ ያገኘዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚህ አተራረክ የሚታገሠው አዋቂው ነው፤ የሚታገሡለትም እናቱን ያጣ ሕፃን ነው። ጉልበት ያለው ጉልበት ለሌለው ይታገሣል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ተረቱ በአሜሪካ በሁለት የሥዕል መጻሕፍት ተመልሶ ቀረበ። የናንሲ ሬይንስ ዴይ መጽሐፍ የእንጀራ እናቲቱን አተራረክ ይዞ ቆየ። ልጅነታቸውን በማጂ ያሳለፉት ጄን ኩርትዝ ግን ነገሩን ገለበጡት። በእርሳቸው መጽሐፍ ወደ አንበሳው የምትሄደው አልማዝ የተባለች ልጅ ናት፤ የምትፈልገውም የአባቷን አዲስ ሚስት ፍቅር ነው። ከጺም ይልቅ የጅራት ፀጉር እንድታመጣ የሚያዝዟት አያቷ ናቸው። ለሕፃናት በተዘጋጀ መጽሐፍ ሕፃን ባለታሪክ መሆኗ ተገቢ ነው፤ አንባቢዋ ልጅ ራሷን ጀግና አድርጋ ታያለች። ሆኖም ሸክሙ ትከሻ ለውጧል፤ የአዋቂዎችን ቤት የማስታረቅ ሥራ በልጅ ላይ ወድቋል።

ተረቱ በኢትዮጵያ ድንበርም አይወሰንም። ሃሮልድ ኩርላንደር በዚያው በ1959 ባሳተሙት የእስያ ተረቶች መድበል የሚገኘው የኮሪያ ተረት ተመሳሳይ አጽም አለው። አንበሳው ነብር ሆኗል፤ ሽማግሌው የተራራ ባሕታዊ ነው፤ ዩን ኦክ የተባለችው ሴት ባል ደግሞ ከጦርነት ተመልሶ ጠባዩ የተለወጠ ሰው ነው። እዚህ ላይ የባልየው ቁጣ መነሻ አለው። ዩን ኦክ የምትታገሠው ከውጊያ ይዞት የመጣውን የልብ ቁስል ነው።

በአማርኛ በሰፊው የሚነገረው አተራረክ ግን የባልና ሚስቱ ነው፤ መነሻም አያቀርብም። ባል ክፉ ነው፣ ሚስት መፍትሔ ትፈልጋለች፣ መፍትሔውም የእርሷ ትዕግሥት ሆኖ ይገኛል። ባል ምን እንዳደረገና ምን እንደሚጠበቅበት የሚጠይቅ የለም። አንበሳ የሚቆጣው ተፈጥሮው ስለሆነ ነው፤ ባልም በአንበሳ ሲመሰል ቁጣው እንደ ተፈጥሮ ይቆጠርለታል። ይህንን አተራረክ ብቻ እየሰማች ያደገች ልጅ በቤት ውስጥ ያለ ጥቃት በሚስት ብልሃት ማነስ የሚመጣ ነገር መስሎ ቢታያት አያስደንቅም። አብሯት የሚሰማው ወንድሟ ደግሞ አንበሳ መሆን መብቱ እንደሆነ ይማራል።

እዚህ ላይ ተረቱ ራሱ የሚሰጠው ማስረጃ አለ። ሴትየዋ ወደ አንበሳው ስትቀርብ ርቀቱን የምትለካው እርሷ ናት። አንበሳው ካገሳ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ሲመሽ ወደ ቤቷ ትገባለች። ትዕግሥቷን ድፍረት የሚያሰኘውም ይህ የመመለስ ነፃነት ነው። ከሚመታት ሰው ጋር በአንድ ክፍል የምታድር ሴት ግን ርቀቱን አትለካም፤ የምትመለስበት ሌላ ቤትም ላይኖራት ይችላል። ምሳሌው እዚህ ላይ ይሰበራል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት በወንጀልነት ያስቀምጠዋል። ሕጉ ወንጀል ያለውን ነገር ተረቱ የትዕግሥት ፈተና ብሎ ሲያቀርበው ልዩነቱን ለልጆች የሚያስረዳ አዋቂ ያስፈልጋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ተረቱ የሚያስተምረው ትዕግሥትን ነው፣ የሚታገሠው ማንም ቢሆን ትምህርቱ አንድ ነው የሚል ነው። ነገር ግን ልጆች ትዕግሥት የሚባለውን ረቂቅ ቃል ብቻ ነጥለው አይወስዱም፤ የሚታገሠውን ሰው ፊት ጭምር ይዘው ይሄዳሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ የአበውን ተረት መለዋወጥ ቅርስን ማበላሸት ነው የሚል ነው። ይህ ስጋት ክብደት አለው፤ ሆኖም የቃል ተረት በተራኪው አፍ ሲለዋወጥ የኖረ ነው፤ ባልና ሚስቱን የመረጠውም ከተራኪዎቹ አንዱ ነው።

አንድ አተራረክ ሌሎቹን ሸፍኖ ብቻውን ሲቀር የሚሆነውን በሌላው ዓለም ማየት ይቻላል። ፍራንክ ባውም እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተሙት «የኦዝ ጠንቋይ» የዶሮቲ ጫማ የብር ነበር። በ1939ኙ ፊልም ግን በቀለም ደምቆ እንዲታይ ቀይ ሆነ፤ ዛሬ የብሩን ጫማ የሚያስታውሱት መጽሐፉን ያነበቡ ናቸው። በዚያ ታሪክ የጠፋው የጫማ ቀለም ነው። በአንበሳው ተረት ግን ሊጠፋ የሚችለው ሐዘንተኛው ሰጋብና ስለ እርሱ የታገሠችው ብዙነሽ ናቸው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በአዳማ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በሁለቱም ቢያንስ ሁለት አተራረኮች ጎን ለጎን ሊነበቡ ይችላሉ። መምህሩ ከንባቡ በኋላ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሣ ይበቃል፦ ወደ አንበሳው የሄደው ማን ነው? በአንበሳ የተመሰለውስ ማን ነው? የሄደው ሰው ቢፈራ ወደ ኋላ መመለስ ይችል ነበር? ከዚያም ልጆቹ ባለታሪኮቹን ቀይረው ራሳቸው ይተርኩት። አፋን ኦሮሞም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም፤ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የቃል ሥነ ጽሑፍን ጭምር የያዘውን የማንበቢያ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው።

ተረቱ በ«ተረት ተረት» ተጀመረም በ«ዱሪ ዱሪ»፣ የሚሰማው ልጅ በሚቀጥለው ቀን ወደ ራሱ ቤት ይዞት ይገባል። በዚያ ቤት የተቆጣ አባት፣ አዲስ የመጣች እናት ወይም እናቱን የቀበረ ወንድም ሊኖር ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ትዕግሥት አይሰጥም። የትኛው መታገሥ እንደሚገባውና ከየትኛው መራቅ እንደሚሻል ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ለማሳደግ ተረቱን ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ መንገር ጥሩ መነሻ ነው።