ፑሉን ከማጥፋታችሁ በፊት



ዛሬ የምናወራው ስለ ፊደል ገበታ አይደለም፤ ስለ ፑል ነው። አዎ፣ ፑል! ወላጆች ገና ቃሉን ስትሰሙ ፊታችሁ እንደሚቀየር ይገባኛል። አገር ቤት ላደገ ሰው ፑል ቤት ማለት ከትምህርት ቤት የፎረፈ ልጅ የሚፈለግበት ቦታ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ቲቪው ላይ ከፍቶት ስታዩ «ይሄን የዱርዬ ጨዋታ አጥፋ!» ማለት ይቀናችኋል። እኔ ግን አታጥፉት ባይ ነኝ። እንዲያውም አጠገቡ ቁጭ በሉና አብራችሁ ተጫወቱ፤ በአማርኛ።

የትኛውን ጨዋታ እንደምል ልንገራችሁ። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2006 በጃፓንና በአውሮፓ፣ በ2007 ደግሞ በአሜሪካ ያወጣው «ዊ ፕሌይ» 9 ትንንሽ ጨዋታዎች ነበሩት፤ አንዱ ፑል ነው። ሪሞቱን እንደ ፑል ዱላ ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት መግፋት ነው። ከሪሞት ጋር አንድ ላይ ይሸጥ ስለነበር 28 ሚሊዮን ያህል ተሽጧል፤ ምናልባት እናንተም ቤት አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ለስዊች የወጣው «ክለብሃውስ ጌምስ» ውስጥም ፑል አለ (አውሮፓ ያላችሁ «51 ወርልድዋይድ ጌምስ» በሚል ስም ነው የምታገኙት)። በነገራችን ላይ የዚህኛው ዝርዝር የሚጀምረው በማንካላ ነው፤ ደንቡ ይለይ እንጂ የኛው የገበጣ ዘመድ!

«ለምን ፑል? የመኪና እሽቅድምድም ምን አለው?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው፤ ፑል በተራ ነው። መኪና የሚነዳ ልጅ ብታናግሩት «ቆይ! ቆይ!» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም። ፑል ላይ ግን አንዱ ሲያነጣጥር ሌላው ከማውራት በቀር ሥራ የለውም። «አይገባልህም!» «ቀስ በል እንጂ!» «ኧረ በሰያፍ ምቺው!» ይህን ሁሉ እኛ ክፍል ውስጥ በሁለት ሰዓት ማስተማር አንችልም። ሳምንቱን ሙሉ በፈረንጅ አፍ የሚውል ልጅ ቅዳሜ ብቻ አማርኛ ቢሰማ የት ይደርሳል?

ዊ ፕሌይ ላይ ያለው ፑል ዘጠኝ ኳስ የሚባለው ዓይነት ነው። ከነጯ ኳስ ሌላ ከ1 እስከ 9 የተቆጠሩ ኳሶች አሉ። ነጯ መጀመሪያ መንካት ያለባት ጠረጴዛው ላይ ከቀሩት ትንሹን ቁጥር ነው። በደንቡ መሠረት 9ኟን ያስገባ ያሸንፋል። ልጆቻችን ከአንድ እስከ አሥር በዜማ ይሉታል፤ ነገር ግን ድንገት «ስድስት የቷ ናት?» ሲባሉ ከአንድ ጀምረው በጣት መቁጠር ይጀምራሉ። እዚህ ጨዋታ ላይ ለዜማ ጊዜ የለም። አራት ገባች፣ ቀጥሎ አምስት፤ አምስት ከሌለች ስድስት።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ ግን ሌላ ነው። ለወንድም «ተራህ ነው፣ ምታ»፣ ለእህት «ተራሽ ነው፣ ምቺ»፣ ለአያት «ተራዎ ነው፣ ይምቱ» ይባላል። እዚህ የተወለዱ ልጆች አያታቸውን «አንተ» የሚሉት ባለጌ ስለሆኑ አይደለም፤ «እርስዎ» የሚሉበት አጋጣሚ ስለሌላቸው ነው። አያት ሪሞት ሲይዙ ግን በየሁለት ደቂቃው አጋጣሚ ይመጣል። (አያቶችን አትናቁ፤ ዓይናቸው ቢደክምም እጃቸው አይንቀጠቀጥም የሚባሉ አሉ!)

አባቶች ደግሞ ሒሳቡን አስረዱ። ሳትሽከረከር የሄደች ኳስ ጠርዙን መትታ ስትመለስ በገባችበት ማዕዘን ልክ ነው የምትወጣው። ማዕዘን፣ ጠርዝ፣ ሰያፍ፣ ትይዩ፤ እነዚህ ቃላት መጽሐፍ ላይ ሞተው ከሚቀሩ ስክሪኑ ላይ በጣት እየተጠቆሙ ቢነገሩ አይሻልም?

ታዲያ ጨዋታው ራሱ አማርኛ አያውቅም። የሚያወራው በእንግሊዝኛ ወይም በምትኖሩበት አገር ቋንቋ ነው። አማርኛውን የምታመጡት እናንተ ናችሁ። ልጁን ሪሞት አስይዛችሁ ኩሽና ከገባችሁ ያልኩት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ያኔ ማጥፋቱ ይሻላል። በኢንተርኔት ከማይታወቅ ሰው ጋር መጫወትም አይፈቀድ። ማታ ሦስት ዙር ይበቃል፤ ከዚያ የቤት ሥራ።

ተማሪዎች፣ አባባ እንዲደሰት ብላችሁ ሆን ብላችሁ አትሸነፉለት፤ ይነቃባችኋል። ደግሞ አንድ ነገር እንድታመጡልን እንፈልጋለን። ነጯ ኳስ ራሷ ቀዳዳ ውስጥ ስትገባ እናንተ ቤት ምን ይባላል? የሚመጣው ቅዳሜ በፊደል ጽፋችሁ አምጡ፤ ሰሌዳው ላይ እንለጥፈዋለን።