ደረቱ የታመመን ልጅ «ባለጌ» አንበለው



በረመዳን ቤታችን ከወትሮው በላይ ይጨሳል። ለሱሑር ከሌሊቱ 9 ሰዓት እሳት ይነዳል፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ሾርባ ይጣዳል፣ ሳምቡሳ ይጠበሳል፤ ከኢፍጣር በኋላ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዝናብ ስለማይጠፋ ማገዶው እርጥብ ነው፤ ጭሱ ይበረታል። በዚያ ጭስ ውስጥ ሳሉ የማይተወው ሕፃን ካለ፣ ጉዳዩ የሳል ብቻ አይደለም።

ያለጊዜው ተወልዶ ለሳምንታት በኦክስጅን የቆየ፣ የሳንባ ምች የሚመላለስበት ወይም አስም ያለበት ልጅ ሌሊቱን ሲያስል ያድራል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ቀን ይነጫነጫል፤ ሐሳቡ አይሰበሰብም። ለመተንፈስ ስለሚደክም ምግብ አይገፋለትም። ከእኩዮቹ ጋር ሮጦ አይጫወትም፤ ሕፃን ደግሞ ብዙውን ነገር የሚማረው በጨዋታ ነው። በተለይ ያለጊዜያቸው ተወልደው ሳንባቸው የተጎዳ ሕፃናት ለመራመድና ለመናገር ሊዘገዩ ይችላሉ። ትንፋሽ የሚከፍተው ሳልቡታሞልም አንዳንዱን ልጅ ያቁነጠንጣል፤ ይህ ለሐኪም ይነገራል እንጂ መድኃኒቱ በራስ ፈቃድ አይቋረጥም።

በሰፈራችን ግን እንዲህ ያለውን ልጅ «ባለጌ ነው»፣ «ጂን ነክቶታል» የሚል አይጠፋም። መድረሳ ውስጥ ፊደል አልያዘም ተብሎ ይገረፋል፤ ቤት ውስጥ በጭስ ይታጠናል። ለታመመ ልጅ ቁርኣን መቅራትን እኛ ኢማሞች አንከለክልም፤ ሩቅያ ግን ጭስ አይፈልግም። ትንፋሽ ያጠረውን ማጠን ሕመሙን ማባባስ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና እንድንፈልግ አዘዋል። ሕፃን ሲያለቅስ ሲሰሙም ለእናቱ አዝነው ሶላታቸውን ያሳጥሩ ነበር። ሶላት ለሕፃን ለቅሶ ካጠረ፣ የእኛ ቁጣ እንዴት አያጥርም?

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። ሱሑር የምታበስል እናት ሕፃኑን አዝላ ምድጃ ላይ አትጎንበስ፤ አባት ተነሥቶ ይያዘው። ቡናው በረንዳ ላይ ይቆላ። ልጅ በሚተኛበት ክፍል ዕጣንም ሲጋራም አይጭስ። የምታጠባ እናት ለልጇ ከሠጋች ማፍጠር እንደተፈቀደላት፣ በኋላም እንደምታካክስ ትወቅ።

ጤና ጣቢያ ስንሄድ ስለ ሳሉ ብቻ አንናገር። በ18 ወሩ ያልተራመደ፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል አያይዞ የማይናገር ልጅ ካለ ይህንንም እንንገር። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጀምሮ እስከ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ድረስ የሚጠየቅ ባለሙያ አለ። ቤት ውስጥም ልጁን እያጫወትን፣ ተረት እየነገርን፣ በስሙ እየጠራን እናናግረው፤ ቶሎ የታገዘ ልጅ የመሻሻል ዕድሉ ሰፊ ነው። ለኡስታዙም ሕመሙን አስቀድመን እንንገረው፤ አጠር ያለ ትምህርትና ዕረፍት ይስጠው።

ከቡና መንደሮቻችን ሚዛን ድረስ መጥቶ ለማሳከም የመኪና ዋጋ የሚያጥረው ጎረቤት አለ። የዚህ ወር ሰደቃችን እርሱን ያስታውስ። አንድ ልጅ ተኝቶ እንዲያድር መርዳት ትልቅ ምንዳ አለው።

አላህ ለታመሙት ሕፃናት ሺፋውን፣ ለወላጆቻቸው ሰብሩን ይስጥልን። አሚን።