እንግድነትና ባለቤትነት

«ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» የሚለው አነጋገር ከሕፃንነታችን ጀምሮ የሰማነው ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ሳናስብበት እንደግመዋለን። ይሁን እንጂ ሰው ጧት ከቤቱ ሲወጣ እምነቱን በሣጥን ቆልፎበት አይወጣም። ወደ ገበያም፣ ወደ ትምህርት ቤትም፣ ወደ መሥሪያ ቤትም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የግል የተባለው ሃይማኖትና የጋራ የተባለው አገር በየቀኑ፣ በየደጁና በየጠረጴዛው መገናኘታቸው አይቀርም። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ሊጠየቅ የሚገባው መገናኘታቸው ሳይሆን በምን ዓይነት ሚዛን እንደሚገናኙ ነው።

የአገራችን ሕዝብ በጎረቤትነት ኑሮው ለዚህ ጥያቄ የራሱን መልስ ካገኘ ቆይቷል። በወሎም ሆነ በሌላው አገር ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚሆነውን ከብት በእነርሱው ሰው እጅ ያሳርዳል፤ ድስቱንና ሳህኑን ለብቻ ያሰናዳል። ሙስሊሙም በተራው ለክርስቲያን ወዳጆቹ እንዲሁ ያደርጋል። ለቅሶ በደረሰ ጊዜ የዕድሩ ሰው ድንኳን ለመትከል የሚሮጠው የሟቹን ሃይማኖት ጠይቆ አይደለም። ይህን ሁሉ ያዘዘ አዋጅ አልነበረም፤ ሕዝቡ ከልማዱና ከእምነቱ ያወጣው ጥበብ ነው።

ነገር ግን በዚህ መልካም ልማድ ብቻ ረክቶ መቅረት አይገባም። በድግስ ቤት እንግዳ ምንም ያህል ቢከበር፣ ከፍ ካለ ቦታ ቢቀመጥ፣ ያማረው ቢቀርብለት፣ የቤቱ ባለቤት አይደለም። ሰውን በክብር ማስተናገድ የጎረቤት ፍቅር ሥራ ነው፤ ባለቤት ማድረግ ግን የሕግና የፍትሕ ሥራ ነው።

የዚህን ልዩነት ለመረዳት የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ያ ሕገ መንግሥት በአንድ በኩል የኢትዮጵያ ተገዦች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በግዛቱ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችም የሃይማኖታቸውን ሥርዓት በሕግ መሠረት ሲፈጽሙ እንደማይከለከሉ ይናገር ነበር። በሌላ በኩል በ126ኛው አንቀጽ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ይደነግግ ነበር። እንግዲህ እኩልነት በአንዱ አንቀጽ ሲሰጥ፣ ብልጫ በሌላው አንቀጽ ተጽፎ ይገኛል። በዘመኑ የሙስሊሙ ሕዝብ መጠሪያም «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» የሚል ነበር። «የሚኖሩ» የምትለዋ ቃል ትንሽ ትምሰል እንጂ ሸክሟ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም በቤቱ የሚኖር ሁሉ ባለቤት አይደለምና።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሰልፍ ለዚህ ሸክም የተሰጠ መልስ ነበር። የየካቲት ሕዝባዊ እንቅስቃሴ ከተቀሰቀሰ ጥቂት ሳምንታት አልፈው ነበር። ቁጥሩ በመቶ ሺህ የተገመተ ሕዝብ ወጥቶ የሙስሊሞች በዓላት በመንግሥት እንዲታወቁ፣ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ ሙስሊሙ መሬት የመያዝና በመንግሥት ሥራ የመሳተፍ መብት እንዲኖረው ጠየቀ። ከሁሉም በላይ መጠሪያው «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲሆን ፈለገ። ጥያቄው መስተንግዶ ይጨመርልን የሚል አልነበረም፤ ባለቤትነታችን ይታወቅልን የሚል ነበር።

በዚያ ሰልፍ ክርስቲያኖችም ከሙስሊሞቹ ጋር አብረው ተሰልፈው ነበር። ጸሐፊው የዚያን ቀን ትልቅ ትምህርት የሚያየው እዚህ ላይ ነው። የበዓሉ መታወቅ ለክርስቲያኑ ሰልፈኛ የሚጨምርለት አንዳችም ጥቅም አልነበረም። የጠየቀው ለጎረቤቱ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ሃይማኖተኛ ሰው ከፖለቲካ ፈጽሞ ይራቅ ይላሉ። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ያ ሰልፍ ባልተደረገም ነበር። ሌሎች ደግሞ ሃይማኖታችን በመንግሥት ሥልጣን ይደገፍልን ይላሉ። ይህም የ126ኛውን አንቀጽ ስሕተት በሌላ ስም መድገም ነው። ሁለቱን የሚለየው ሚዛን ቀላል ነው። አማኝ ከመንግሥት አንድ ነገር ሲጠይቅ፣ ያንኑ ነገር እምነቱን ለማይጋራው ሰው ይጠይቅለታልን? የሚጠይቅለት ከሆነ የሚፈልገው ፍትሕን ነው፤ የማይጠይቅለት ከሆነ ብልጫን ነው።

ከሰልፉ በኋላ የመጣው ዘመን ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በ1967 ዓ.ም. የሙስሊሞች በዓላት የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወጁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን፣ ገበሬው በሃይማኖቱ ሳይለይ መሬቱን የሚያርስበት መብት አገኘ። እነዚህ ትላልቅ እርምጃዎች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን ያው መንግሥት የእኩልነትን በር በአንድ እጁ ሲከፍት የነጻነትን በር በሌላው ዘጋ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚሁ በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1964 ዓ.ም. ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ነፍስንና ሥጋን፣ ወንጌልንና የሰውን ልማት መለያየት እንደማይገባ አስረድታ ነበር። ሁሉን እኩል ዝም ማሰኘት እኩልነት አይባልም። ነጻነት የሌለበት እኩልነት ሁሉንም ባለቤት አያደርግም፤ ሁሉንም እንግዳ ያደርጋል እንጂ።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። በ27ኛው አንቀጽ ደግሞ የእምነትን ነጻነት ያረጋግጣል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በ2012 ዓ.ም. ነው። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስልም እንዲሁ በዚያው ዓመት ነው። ከሰልፉ እስከዚህ አዋጅ አርባ ስድስት ዓመት ተቆጠረ። በወረቀት የተጻፈ መብት ወደ ሰው እጅ ለመድረስ ምን ያህል መንገድ እንደሚጓዝ ከዚህ እንረዳለን።

ያ መንገድ የሚያልቀው በወጣቱ ሹም ጠረጴዛ ላይ ነው። ማመልከቻ ይቀርብለታል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የባለጉዳዩን ስም ነው፤ ስሙም ብዙ ጊዜ ሃይማኖቱን ይነግረዋል። አንዱን «ና ግባ» ብሎ ሌላውን «ነገ ተመለስ» ቢለው ማንም ላያውቅበት ይችላል። የመቃብር ወይም የጸሎት ቦታ ጥያቄ ሲመጣ የአንዱን ፋይል ከላይ፣ የሌላውን ከታች ቢያደርገው ሕገ መንግሥቱ ከመደርደሪያው ወርዶ እጁን አይዘውም። በዚያች ሰዓት እጁን የሚይዘው ኅሊናው ብቻ ነው።

የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት ማለት ሹሙ ኅሊናውን ከደጅ ጥሎ ይግባ ማለት አይደለም። እምነቱ እጁን ከጉቦ ይመልስለት፣ ድኻውን እንዳያመናጭቅ ይገሥጸው፤ ብዕሩን ግን ወደ ወገኑ አያዘንብልበት። ተማሪውም ከወዲሁ ይህን ይልመድ። የጓደኛው በዓል ከፈተና ቀን ጋር የተጋጨ እንደ ሆነ ስለ እርሱ ተነሥቶ የሚናገር ተማሪ፣ ነገ በመንግሥት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ፍርድ አያጓድልም።

አያቶቻችን ለጎረቤታቸው ድስት ለይተው አኑረውለታል። ከእኛ የሚጠበቀው በጋራ ቤታችን ውስጥ ባለቤትነቱን ሳንሸራርፍ መጠበቅ ነው።