ሾክ ዌቭ ለስኳር ቁስል፦ ከማሽኑ በፊት እግሩን አሳርፉት



በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ "ዶክተር፣ አባታችን ስኳር አለበት። የእግሩ ቁስል አልድን ካለ ወራት ተቆጠሩ። በሾክ ዌቭ ይድናል ሲሉ ሰማን፤ ገንዘብ አሰባስበን ውጭ እንውሰደው ወይ?" መልሱ ብዙዎቻችሁን ስለሚመለከት እዚሁ ልጻፈው።

በመጀመሪያ፣ ሾክ ሲባል ኮረንቲ እንዳይመስላችሁ። ሾክ ዌቭ በቅጽበት የሚፈጠር ኃይለኛ የድምፅ ሞገድ ነው። ወደ ሕክምና የገባው በኩላሊት ጠጠር በኩል ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ሙኒክ ከተማ ውስጥ ጠጠርን ያለ ቀዶ ሕክምና ለመሰባበር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ዋለ። ዛሬ ለተረከዝ ሕመምም ይሰጣል። ለቁስል ሲሰጥ ግን ዓላማው መሰባበር ሳይሆን አካባቢውን መቀስቀስ ነው፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች እንዲበቅሉና ሥጋው እንዲሞላ ያግዛል ተብሎ ይታሰባል።

ታዲያ ይሠራል? በታኅሣሥ ወር 2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ደርማፔስ የተባለ ማሽን ለስኳር ሕሙማን የእግር ቁስል እንዲውል ፈቀደ። ውሳኔው የተመሠረተው በድምሩ 336 ሕሙማን በተሳተፉባቸው ሁለት ጥናቶች ላይ ነው። ሁሉም መደበኛውን የቁስል እንክብካቤ አገኙ። በተጨማሪ አንዱ ቡድን እውነተኛውን ሞገድ ሲወስድ፣ ሌላው ቡድን ሞገድ የማይሰጥ ማሽን ተደረገለት። በ24ኛው ሳምንት ቁስሉ የተዘጋለት ከመጀመሪያው ቡድን 44 በመቶ፣ ከሁለተኛው ደግሞ 30 በመቶ ነበር።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ረጋ ብላችሁ እዩአቸው። ማሽኑ ጥቅም አለው፤ ከ100 ሰው 14 ያህሉን ጨምሮ አድኗል። ነገር ግን ሞገዱን ወስደውም በዚያ ጊዜ ውስጥ ቁስላቸው ያልተዘጋ 56 ናቸው። ያለ ሞገድ፣ በእንክብካቤ ብቻ የዳኑት ደግሞ 30 ናቸው። ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሾክ ዌቭ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። መሠረቱ ሳይኖር ለማሽን መሬት መሸጥ፣ መበደር ተገቢ አይደለም።

መሠረቱ ምንድን ነው?

✅ እግሩን ማሳረፍ። ስኳር ነርቭን ስለሚጎዳ ቁስሉ አያምም። የማያመውን እግር ማን ያሳርፋል? ማሽኑ በደቂቃዎች የሠራውን ሕመምተኛው ከክሊኒኩ ወጥቶ ታክሲ እስኪይዝ በቁስሉ እየረገጠ ያፈርሰዋል። ጫናውን ለማንሳት እንደ ቁስሉ ሁኔታ ጀሶ፣ ልዩ ጫማ ወይም ክራንች ይታዘዛል።

✅ የሞተውን ሥጋ በባለሙያ ማስጠረግ፣ ፋሻውንም በታዘዘው ጊዜ መቀየር።

✅ የእግሩን የደም ዝውውር ማስመርመር። ትልቁ የደም ሥር ከተዘጋ ሞገዱ አይከፍተውም።

✅ ስኳሩን መቆጣጠር፣ ኢንፌክሽን ካለ በታዘዘ መድኃኒት ማከም። የካፕሱል ዱቄት፣ ቡና ወይም ቅጠል ቁስሉ ላይ አትነስንሱ። እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉ፤ የደነዘዘ እግር ሳይታወቀው ይቃጠላል።

"ብንሞክረው ምን ይጎዳናል?" ትሉ ይሆናል። ሞገዱ ራሱ ሲሰጥ ሊያም፣ አካባቢውን ሊያበልዝ ወይም ሊያደነዝዝ ይችላል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የሚባክነው ጊዜ ነው። ተገቢ እንክብካቤ እየተደረገለት በ4 ሳምንት ውስጥ ስፋቱ በግማሽ ያልቀነሰ ቁስል እንደገና መመርመር አለበት። ቪዛና ገንዘብ እየጠበቅን የምናሳልፋቸው ወራት እግር ሊያስቆርጡ ይችላሉ።

መሠረቱ ሁሉ ተሟልቶ ቁስሉ ግን አልዘጋ ካለ፣ ያኔ ስለ ሾክ ዌቭ መነጋገር ተገቢ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ማሽኑ ለቁስል የተፈቀደ ነው ወይስ ለተረከዝና ለጡንቻ ሕመም የሚያገለግለው?
2. የእኛ ቁስል ለዚህ ሕክምና ይሆናል? የኤፍዲኤ ፈቃድ ዕድሜያቸው 22 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ስፋቱ ከ16 ካሬ ሴንቲ ሜትር (4 በ4 ያህል) ላልበለጠና አጥንት ላልታየበት ቁስል ነው።
3. የደም ዝውውሩን ማን መረመረ? በሕክምናው ወቅት እግሩ የሚያርፈው በምንድን ነው?

ለእነዚህ መልስ የሌለው ቦታ ገንዘባችሁን አትስጡ።

⚠️ ቁስሉ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ ከጠቆረ፣ አጥንት ከታየ፣ መቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ ወይም ትኩሳት ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ልጆችም አንድ አደራ አለባችሁ። አባቶቻችንና እናቶቻችን "ቀላል ነው፣ አያመኝም" ማለት ይወዳሉ። ለስኳር ሕመምተኛ "አያመኝም" የምሥራች አይደለም። ማታ ማታ ካልሲያቸውን አውልቃችሁ የእግራቸውን መዳፍና የጣቶቻቸውን መሐል እዩ። ለቅሶውን እናንተ ድረሱላቸው፣ ዕድሩንም እናንተ ሂዱላቸው። እግሩ እንዲያርፍ ማድረግ ማንም ቤተሰብ ያለ ማሽን ሊሰጠው የሚችል ሕክምና ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ላለበት ቤት ሁሉ ይህን መልእክት አጋሩ። ጤና ይብዛላችሁ!