ስድስት ነጥብ ርብ፣ ዘጠኝ ነጥብ ጉማራ

ሰሞኑን ወረታ ላይ አንድ የግምገማ ስብሰባ ተጋብዤ ነበር። የጠራኝን መሥሪያ ቤት ስም አላነሳም፤ ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ ቡናቸውም ጥሩ ነበር። ጉዳዩ ሩዝ ነው። በዚህ ወቅት ወረታ ውስጥ ከሩዝ ሌላ የሚነሳ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ወጣቱ ባለሙያ ግራፉን ግድግዳው ላይ ለቀቀው። ባሮቹ ያምራሉ። ቀለማቸው ይለያያል፣ ጠርዛቸው ጥርት ያለ ነው፣ የፈለጉትን ያህል ቢያጎሉት አይደበዝዝም። ከሥራቸው ስም መኖር ነበረበት። ያለው ግን ነጥብ ነው። በግራ በኩል ካሉት የሁለት ወንዞች ባሮች አንዱ ስድስት ነጥብ፣ ሌላው ዘጠኝ ነጥብ ተደርድሮለታል። በቀኝ በኩል ደግሞ ዝርያዎቹ ናቸው፤ አንዱ ስድስት ነጥብ፣ አንዱ ዘጠኝ ነጥብና ሰረዝ እንደገናም ዘጠኝ ነጥብ፣ የመጨረሻው ዘጠኝ ነጥብ፣ ሰረዝና “4”። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ በሕይወት የተረፈችው አራት ቁጥር ብቻ ናት።

ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ እጃቸውን አነሱ። “ልጄ፣ የእኛው የትኛው ነጥብ ነው?”

“አባባ፣ ፊደሉ እምቢ ብሎ ነው” አለ ልጁ።

ቡናዬን አስቀመጥኩ። የዚህ ዓምድ ደንበኞች የትኛው ቁስል እንደተነካ ገብቷችኋል። በቆየው የፎንት ክርክር የሰለቻችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ወደ ስፖርት ገጽ መሄድ ትችላላችሁ፤ አልቀየምም።

ፊደሉ እምቢ አላለም። በሻይ ሰዓት የልጁን ላፕቶፕ አስከፍቼ አየሁት። ግራፉን የሠራው በአር ነው፤ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በጀመሩት፣ የእርሻ ተመራማሪ ሁሉ በሚምልበት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር። ጥሩ ሶፍትዌር ነው። ነገር ግን ዝም ብለው “ፒዲኤፍ አውጣልኝ” ሲሉት፣ ሌላ ካልተነገረው በቀር፣ ጽሑፉን የሚጽፈው በሄልቬቲካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ስዊዘርላንድ ውስጥ በተቀረጸ የላቲን ፊደል። ሄልቬቲካ ውስጥ “ር” የለችም፣ “ብ”ም የለችም። ኮምፒውተር ደግሞ እያንዳንዷን የግዕዝ ፊደል የሚያስቀምጣት በሦስት ባይት ነው። ልጁ ማሽን ላይ ያለው የቆየ እትም ወደ ላቲን ሊለውጠው ላልቻለው ለእያንዳንዱ ባይት አንድ ነጥብ ያስቀምጣል። ርብ ሁለት ፊደል፣ ስድስት ነጥብ። ጉማራ ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ነጥብ። ሻጋም ስድስት ነው፤ ስለዚህ በዚያ ግራፍ ላይ አንድ ወንዝና አንድ የሩዝ ዝርያ ሞክሼ ሆነው ተቀምጠዋል። ዘጠኝ ነጥብ በሰረዝ ተከፍሎ የተደገመው ኤክስ-ጅግና ነበር፤ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር መጥቶ ስሙን ከደራዋ ጅግና ቀበሌ የወሰደው፣ ይህን የፎገራ ሜዳ ሜዳ ያደረገው ዝርያ። አራት ቁጥር የተረፈችለት ኔሪካ-4 ነው።

ደግሞ ሶፍትዌሩ ደብቆ አልሠራም። ለእያንዳንዱ ባይት ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር፤ ይህን መለወጥ አልቻልኩም፣ በነጥብ ተክቼዋለሁ እያለ። ልጁ መስኮቱን ወደ ታች ጠቅልሎታል። ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ሰው በአገራችን ጥቂት ነው፤ ይህ የሶፍትዌር ብቻ ጉዳይ ባይሆንም ለዛሬ እንለፈው።

ፓይተንን የሚወዱት ደግሞ አይኩራሩ። የፓይተኑ የግራፍ መሥሪያ ማትፕሎትሊብ በራሱ ፈቃድ የሚመርጠው ዴጃቩ ሳንስን ነው፤ እዚያም ግዕዝ ስለሌለ ነጥብ ሳይሆን ሳጥን ይደረድራል። እሱም ይናገራል፤ 4649ኛው ቁምፊ በዚህ ፎንት ውስጥ የለም ይላችኋል። 4649 “ሩ” ናት። የሩዝ “ሩ”።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ። ፊደላችን ለኮምፒውተር አይመችም የሚል ሰው ባገኘሁ ቁጥር አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ ዐረብኛ አይተሃል? ፊደሎቹ ይያያዛሉ፣ እንደ ቦታቸው መልክ ይለውጣሉ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። የሕንዶቹ ደግሞ አናባቢው ከተነባቢው ኋላ ተነግሮ ከፊቱ ይጻፋል። እነዚህን በትክክል ለመሣል ሶፍትዌሩ ብዙ መጨነቅ አለበት። የእኛዋ “ጉ” ብቻዋን ተጽፋ ያላትን መልክ “ጉማራ” ውስጥም አትለውጥም። ለብቻዋ ትቆማለች፣ ከጎረቤቷ ጋር አትጣበቅም፣ ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ብዛታቸው ካልሆነ በቀር ለማሽን እንደ እኛ ፊደል የቀለለ የለም። ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1513 የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት በእርሳስ ፊደል ተለቅሞ ታትሟል። ዩኒኮድ ውስጥ የገባውም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ ላይ ቆሞ “አይመችም” የሚል ሰው ፎንት መጫን ሰልችቶት ነው፤ ከዚህ በላይ ክብር አልሰጠውም።

ልጁ ግን ጎበዝ ነው፤ አንዴ ሲነገረው ገባው። ፒዲኤፉን ካይሮ በሚባለው የአር መንገድ በኩል ማውጣት፣ ለግራፉ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት በስም መጥራት፣ አለቀ። ሁለቱም በነጻ ይወርዳሉ። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ርብም ጉማራም ስማቸውን አገኙ።

የመሥሪያ ቤቱ አንድ ኃላፊ ከጎናችን ቆመው ያዩ ነበር። “ይህን ሁሉ ከምትለፉ በእንግሊዝኛ ብትጽፉት ምን ነበር?” አሉ። እኒያን አዛውንት በዓይኔ አሳየኋቸው። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጽሑፌም ያበቃ ነበር። ግን ግራፉ በባነር መውጣት ነበረበት፤ ባነር ቤቱ ደግሞ የታወቀውን ትእዛዝ ሰጠ፤ “ከርቭ አድርጋችሁ አምጡ።” ለማታውቁት፣ ከርቭ ማድረግ ማለት ፊደሉን ፊደል መሆኑን አስትቶ ሥዕል ማድረግ ነው። ባነር ቤቱ አቢሲኒካ ስለሌለው ፋይሉ እዚያ ሲከፈት ሌላ ፎንት እንዳይተካበት፣ የመለያ ጽሑፎቹ ስፋታቸው ተለውጦ አንዱ በአንዱ ላይ እንዳይወጣ ይሠጋል። ስጋቱ እውነት ነው። የእኛ ፊደል ከላቲኑ ይሰፋል፤ ሶፍትዌሩ በአንዱ ፎንት ለክቶ ያስቀመጠው ስም በሌላው ሲተካ ጎረቤቱን ይጋፋል። ባነር ላይ “ርብ” ከ“ጉማራ” ጋር የተጋጨ ቀን ጎርፍ የመጣ ነው የሚመስለው።

ግን ከርቭ የሆነውን ፋይል ከፍታችሁ እዩት። ኤስቪጂ የሚባለው የቬክተር ፋይል ደስ የሚል ጠባይ አለው፤ በኖትፓድ ይከፈታል። ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ የወጣበትን ስትከፍቱ ከመስመሮቹና ከቀለሞቹ መካከል “ጉማራ” የሚል ቃል በአማርኛ ተጽፎ ታገኛላችሁ። በፍለጋ ይገኛል፤ “ጉመራ” ተብሎ ከተሳሳተም አንድ ፊደል ለውጦ ማስቀመጥ ነው። ከርቭ የሆነውን ስትከፍቱ ግን ጉማራ የለም። በቦታው ከዚህ ጀምር፣ እዚህ ድረስ ጎብጥ፣ እዚያ ድረስ ሳብ የሚሉ ቁጥሮች እንደ ጉንዳን ተሰልፈዋል። ባነሩ ላይ ያምራል። ኮምፒውተሩ ግን የጉማራን ስም አያውቅም። ጽሑፍን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም የምትጠቀም ዓይነ ስውር ተማሪ ያንን ግራፍ ብትከፍት አንድም ቃል አትሰማም። ለእሷ ከነጥቦቹ ዘመን ምንም የተሻሻለ ነገር የለም።

ይባስ ብሎ አንዳንዱ ሶፍትዌር ሳይጠየቅ በራሱ እንዲህ ያደርጋል። ማትፕሎትሊብ ኤስቪጂ ሲያወጣ፣ ካላስቆሙት በቀር፣ ፊደሉን ሁሉ ሥዕል አድርጎ ነው የሚሰጣችሁ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ የትም ቢከፈት መልኩ እንዳይለወጥ ነው። አልቀበለውም። ለባነር ቤት አንድ ቅጂ ከርቭ ይደረግለት፤ ዋናው ፋይል ግን ፊደሉን እንደያዘ ይቀመጥ። ፒዲኤፍ ከሆነ ደግሞ ፎንቱን ራሱ ውስጥ ይዞ መሄድ ስለሚችል ለማንም ሰበብ አይቀርም። በወረዳው፣ በዞኑ፣ በክልሉ የሚደረደሩት ሪፖርቶች ከዓመታት በኋላ ሰው “ፎገራ” ብሎ ሲፈልጋቸው መገኘት አለባቸው። ግራፎቻቸው ውስጥ ያለው ፎገራ ሁሉ ሥዕል ከሆነ ፈላጊው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ይህን ለባነር ቤቱ ባለቤት ሳስረዳ አንድ ጡረታ የወጡ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያዳምጡ ነበር። ሳቁብኝ። ቤታቸው ወሰዱኝና ከቁም ሣጥን ላይ የተጠቀለለ ማኒላ ወረቀት አወረዱ። የእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ በእነዚህ ተሸፍኖ ነበር። የማዳበሪያ ሥርጭት፣ የከብት ክትባት፣ የማሳ ስፋት፣ ሁሉም በእጅ፣ በማስመሪያና በማርከር። ፎንት የለ፣ ባይት የለ፣ ነጥብ የለ።

የጋሼ ወረቀት የዝናብ ነው። ጫፉን እኔ ይዤ እሳቸው ዘረጉት። ዓመቱ የሚጀምረው ከመስከረም ነው፤ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በስተቀኝ ጫፍ ላይ እንደ ግድግዳ ቆመዋል። ሶፍትዌሮቹ ዓመቱን ከጃንዋሪ ይጀምሩላችኋል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቁም። ያ አያናድደኝም፤ የሠሩት ሰዎች ጳጉሜን የት ያውቋታል? የሚያናድደኝ የእኛው ሰው የወረታን ዝናብ “ጁላይ” ብሎ ጽፎ ለወረታ ገበሬ ሲያሳይ ነው።

እርግጥ በእኛው አቆጣጠር መጻፍም የራሱ ጣጣ አለው። ሩዝ ሰኔ ላይ ተዘርቶ ኅዳር ላይ ሲታጨድ ዓመት ይለወጥበታል፤ ለዚህ ነው የምርት ዘመኑን “2015/16” እያልን የምንጽፈው። ወጣቱ ባለሙያ እንደነገረኝ፣ ይህን አር ላይ እንዲሁ ሲጽፈው ሶፍትዌሩ ታዝዞ አካፈለለት፤ 125.9375። በዚያ ዓመት የተዘራውን ሩዝ ጻድቃኑ ነገሥታት አብርሃና አጽብሓም አልደረሱበትም።

ልጁን በማግሥቱ ከጋሼ ጋር አገናኘሁት። ማኒላውን ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና ከነሐሴ ቀጥሎ ባለችው ባር ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ከሌሎቹ በጣም ቀጭን፣ ቁመቷም አጭር ናት።

“ጋሼ፣ ይቺ ለምን ቀጠነች?”

“ጳጉሜ አይደለች እንዴ? ከሠላሳ ቀን ጋር እኩል ላወፍራት ነው?” ከሥሯ በደቃቃ ፊደል “የ5 ቀን ብቻ” ብለው ጽፈዋል።

ልጁ ላፕቶፑን አወጣ። “ይህን ለአር እንዴት ነው የምነግረው?” ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገህ ጻፈው አልኩት፤ እንዳያካፍልብህ።