ጥቁር ሲደርሰን አንሸምድድ

ቼዝ ላይ ጥቁር ሲደርሰው ፊቱ የማይጠቁር ጀማሪ ጥቂት ነው። እውነትም ነጭ ቀድሞ ስለሚጀምር ይጠቀማል፤ በትልልቅ ውድድሮች ከሚገኘው ነጥብ ከ52 እስከ 56 በመቶ ያህሉን የሚወስደው ነጭ ነው። የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ጨዋታው የሚከፈተው "ወረራ" በሚባለው ክፍል ስለሆነ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። ቼዝ ግን በተራ ነው፤ ጥቁር አንድ እርምጃ ዘግይቶ ይነሳል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ብዙ ጀማሪ የሚሮጠው ወደ ሽምደዳ ነው። ለማትሪክ እንደለመድነው ማለት ነው። የሲሲሊያንን 15 እርምጃ ከዩቲዩብ ሸምድዶ ይመጣል። ተጋጣሚው አራተኛው ላይ ያልተጠበቀ ነገር ሲያደርግ የሸመደደው ሁሉ ብን ይላል፤ ከዚያ በኋላ በድንግዝግዝ መጓዝ ነው። "ጥቁር አይሆነኝም" የሚባለውም ያኔ ነው።

እኛ የምንለው፦ አንድ አከፋፈት ይበቃል፣ ግን ምክንያቱን እንወቅ።

የፈረንሳይ መከላከያን እንውሰድ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1834 ፓሪስና ለንደን በደብዳቤ ሲጋጠሙ ፓሪሶች ስለተጫወቱት ነው። ነጭ የንጉሡን ወታደር ወደ ኢ4 ሲገፋ ጥቁር በኢ6 ይመልሳል። ነጭ ዲ4 ሲል ጥቁር በዲ5 ይጋፈጠዋል። ነጭ ወደ ኢ5 ገፍቶ ቢያልፍ ሁለቱ ወታደሮቹ ሰያፍ ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ኢ5ን ደግፎ የያዘው ዲ4 ነው። ስለዚህ ጥቁር ሥሩን ይመታል፦ ወታደር ወደ ሲ5፣ ፈረስ ወደ ሲ6፣ ንግሥት ወደ ቢ6። የሦስቱም ዒላማ ዲ4 ነው። ይህን የገባው ሰው ነጭ ቅደም ተከተሉን ቢያምታታበት እንኳ ምን እንደሚፈልግ አይጠፋውም።

ዕዳም አለበት። በኢ6 ወታደር ምክንያት የሲ8 ቢሾፕ ቤቱ ተዘግቶበት ይቀመጣል። ይህን የማይወድ ካሮ-ካንን ይምረጥ፤ እዚያ ዲ5ን የሚደግፈው የሲ6 ወታደር ስለሆነ ቢሾፑ መውጫ አለው። ሆኖም ያው ወታደር በኋላ ወደ ሲ5 ሲሄድ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ያስከፍላል። ዕዳ የሌለበት የጥቁር አከፋፈት የለም። ቁም ነገሩ የትኛውን ዕዳ እንደያዝን ማወቁ ላይ ነው።

"ይሄ ለጀማሪ ነው፣ ትልልቆቹ ይሸመድዳሉ" የሚለን አይጠፋም። አዎ፣ ይሸመድዳሉ፤ ግን ከገባቸው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ ቭላድሚር ክራምኒክ ከጋሪ ካስፓሮቭ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ሲነጥቅ በጥቁር የያዘው የበርሊን መከላከያን ነበር። ንግሥቶቹ ቶሎ ይበላላሉ፣ የጥቁር ንጉሥ መሀል ላይ ይቀራል፣ ሲያዩት ደስ አይልም። ክራምኒክ ግን የዚያን አቀማመጥ ጠባይ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ካስፓሮቭ በዚያ ግጥሚያ አንድ ጨዋታ እንኳ አላሸነፈም።

እናም ወዳጆቻችን፣ አንዱን ምረጡና 20 ጨዋታ ያህል በእሱ ብቻ ተጫወቱ። ስትሸነፉ ወዲያው ወደ ሌላ አትዝለሉ፤ "ሲ5ን መቼ ገፋሁ? ዲ4ን መታሁት ወይስ ረሳሁት?" ብላችሁ ጨዋታውን መልሳችሁ እዩት። አጠገባችሁ የተቀመጠ ታናሽ ወንድማችሁ "ይሄን ለምን ገፋኸው?" ሲላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከመለሳችሁለት አከፋፈቱን ተምራችኋል። "እንዲህ ነው የሚባለው" ካላችሁት ግን ገና ናችሁ።