ዜግነቱ የተሰጠው ለልጁ ነው ወይስ ለቁመቱ?

የቅርጫት ኳስ ተከታታይ አይደለሁም። ማን ስንት ነጥብ እንዳስቆጠረ ለማወቅ ሌሊት ነቅቼ አላውቅም። ስለ ያኒስ አዴቶኩንቦ የመጀመሪያ ዓመታት ማንበብ የጀመርኩት ለኳሱ ሳይሆን ለፓስፖርቱ ስል ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሁሉ «ወረቀት አገኘ» ወይም «ወረቀት የለውም» የሚለውን አነጋገር ያውቀዋል። የዚህ ልጅ ታሪክም ከሁሉ በፊት የወረቀት ታሪክ ነው።

ወላጆቹ የበኩር ልጃቸውን ለአያቶቹ ትተው ከናይጄሪያ አቴንስ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ያኒስ በ1994 እዚያው አቴንስ ተወለደ። ሴፖሊያ በሚባለው ሰፈር አደገ፣ እዚያው ተማረ። ይሁንና የግሪክ ሕግ ዜግነትን የሚቆጥረው በደም እንጂ በትውልድ ቦታ ስላልሆነ ግሪካዊ አልነበረም። የናይጄሪያ ወረቀትም በእጁ አልነበረም። እስከ 18 ዓመቱ ድረስ የየትኛውም አገር ሰው አልነበረም ማለት ነው። ቤተሰቡን ለማገዝ ከወንድሞቹ ጋር መነጽር፣ ሰዓትና ቦርሳ ይዞ በየመንገዱ ይሸጥ ነበር፤ በእኛ አነጋገር ሱቅ በደረቴ መሆኑ ነው። ከታላቁ ከታናሲስ ጋር አንድ የስፖርት ጫማ እየተቀያየሩ ተጫውተዋል።

የተጫወተበት ፊላትሊቲኮስ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ነበር። በ2012/13 የውድድር ዘመን በአማካይ 10 ነጥብ እንኳ አላስቆጠረም። የአሜሪካ መልማዮች ወደዚያች ትንሽ አዳራሽ መመላለስ የጀመሩት ነጥቡን አይተው አይደለም፤ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ የ18 ዓመት ልጅ ኳስ እየነዳ እንደ አጭር ተጫዋች ሲያልፍ አይተው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ግሪክ በ2010 በአገሪቱ ለተወለዱና ለተማሩ የስደተኛ ልጆች የዜግነት በር የሚከፍት ሕግ አውጥታ ነበር። ይህንኑ ሕግ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2013 ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል አለው። በሜይ 2013 ያኒስና ታናሲስ ዜግነት ተሰጣቸው። በጁን 27 ደግሞ ያኒስ ብሩክሊን በተካሄደው የኤንቢኤ ድራፍት በ15ኛ ተራ በሚልዋኪ ባክስ ተመረጠ። ሦስቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ። በሩ በተዘጋ በሦስት ወር ውስጥ ለአንድ ቤት ሁለት ልጆች መስኮት ተከፈተ። ያ መስኮት ባይከፈት ኖሮ ልጁ በምን ፓስፖርት ኒውዮርክ ይደርስ ነበር?

ከድራፍቱ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒስ ሳማራስ ወንድማማቾቹን ጽሕፈት ቤታቸው ተቀበሏቸው። እኚሁ ሰው በ2012ቱ ምርጫ የ2010ሩን ሕግ እንሽራለን እያሉ ሲቀሰቅሱ የነበሩ ናቸው። የ«ወርቃማ ንጋት» ፓርቲ መሪ በበኩሉ ልጁን ከቺምፓንዚ ጋር አመሳሰለው። ያ ፓርቲ በ2020 በአቴንስ ፍርድ ቤት የወንጀል ድርጅት ነው ተብሎ ተፈርዶበታል፤ ስለ እሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጽሕፈት ቤቱ ግብዣ ነው።

በነገራችን ላይ ስሙም በወረቀቱ ላይ ተበላሽቷል። አዴቶኩንቦ የዮሩባ ስም ሲሆን «ዘውዱ ከባሕር ማዶ ተመለሰ» እንደ ማለት ነው። ወደ ግሪክ ፊደል፣ ከዚያም ወደ ላቲን ሲገለበጥ «አንቴቶኮውንምፖ» ሆኖ ወጣ። የአያቱ ስም ፓስፖርቱ ላይ ተዛብቶ የተጻፈበት አንባቢ አይጠፋምና ነገሩ ይገባችኋል።

በሚልዋኪ የመጀመሪያ ዓመት አማካዩ 6.8 ነጥብ ነበር። ክለቡም ከ82 ጨዋታ 15ቱን ብቻ አሸንፎ የሊጉ መጨረሻ ሆነ። እንደ እኔ ይህ ለልጁ ዕድል ነበር። ዋንጫ የሚያሳድድ ክለብ እንዲህ ያለውን ጥሬ ልጅ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያቆየዋል፤ የሚያጣው ነገር የሌለው ግን 77 ጨዋታ አጫወተው፣ ቆይቶም ኳስ የማከፋፈሉን ሥራ ሰጠው። አማካዩ በየዓመቱ ወደ 12.7፣ 16.9፣ 22.9 ከፍ አለ። በ2019 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ።

ከዚያ የመጀመሪያ ዓመት የሚወራለት አንድ ነገር አለ። ዌስተርን ዩኒየን ሄዶ በእጁ ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለቤተሰቡ ከላከ በኋላ ለታክሲ የሚሆን አልቀረውም። ስስ ጃኬት ለብሶ በዚያ ብርድ ወደ ስታዲየሙ ሲሮጥ በመኪና የሚያልፉ ባልና ሚስት አሳፈሩት። የሚሊዮን ዶላር ኮንትራት የፈረመ ልጅ! ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ ሐዋላ ልኮ የሚያውቅ ግን ብዙም አይስቅም።

«ታዲያ ምን ይሁን፣ ለስፖርተኛ ፓስፖርት የማይሰጥ አገር የት አለ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ዘነበች ቶላ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ በ2007 እና በ2009 የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ለባሕሬን ሮጣ ነው። እሷ ግን ከኢትዮጵያ ነው የሄደችው። ያኒስ ከየትም አልመጣም። እዚያው ነበር። 18 ዓመት ሙሉ ያላየው መንግሥት ያየው ሌሎች መልምለው ሊወስዱት ሲሉ ነው። ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጠው የተማሩ፣ ቁመታቸው ግን እንደ ማንም የሆነ የስደተኛ ልጆች አዲስ ሕግ እስኪወጣ እስከ 2015 መጠበቅ ነበረባቸው። እሱም ቢሆን የወላጅን ሕጋዊ መኖሪያ ይጠይቃል።

በጁላይ 2021 ያኒስ በፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ ፊኒክስ ላይ 50 ነጥብ አስቆጥሮ ሚልዋኪን ለዋንጫ አበቃ። እናቱ የግሪክ ዜግነት ያገኙት ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ነው። አቴንስ ከገቡ 30 ዓመት ሆኗቸው ነበር።